እብቅ አልታየም

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አስረስ፤

ይህ ወረቀት በደኅና ያግኝዎ። የሰማይ አምላክ በሰው አገር ጤናዎን ይጠብቅልን። እኛ ደኅና ነን። እናቴ አሰለፈች «ያጎቴን ልጅ ጉልበቱን ሳሚልኝ» ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ካልጻፍሽው አልነሣም ስላለች ይኸው ጻፍሁት።

የምጽፍልዎ ግን በዘመድነት ብቻ አይደለም። እርስዎ የመሠረቱት የዞናችን የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች፣ የሳኒታሪያኖች፣ ማኅበር ጥር 28 ቀን ጠቅላላ ጉባኤ አድርጎ እኔን ሊቀ መንበር አድርጎ መርጦኛል። ያለፍሁት በሦስት ድምፅ ነው። የተሸነፈው የእስቴው ባዩ ነው፤ ያውቁታል። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ እጄን እንደጨበጠ «እንግዲህ እድሩን በርትተሽ ምሪ» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ ማኅተም፣ አንድ የመጋዘን ቁልፍና ዐሥራ አንድ በርሜል የዱቄት ክሎሪን ተረክቤያለሁ፤ ከበርሜሎቹ አራቱ እርጥበት ገብቷቸው ጠጥረዋል። በርክክቡ ዝርዝር ላይ «የምንጭ መዝገብ፣ አንድ» ይላል። መዝገቡ ግን የለም። የቀድሞው ጸሐፊ አቶ ደምሴ «አስረስ በ87 ለውጭው ስብሰባ ይዞት ሄደ፤ እሱም መዝገቡም አልተመለሱም» አሉኝ።

ስለ መዝገቡ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም እኔም በጀማሪነቴ ገሳይ አጠገብ ወንፊት ይዤ ሦስት ቀን የተቀመጥሁበት ሥራ ነው። ላይ ውኃ በሚሰርግበት የድንጋይ ስንጥቅ የጤፍ እብቅ እንጨምራለን፤ ታች በየምንጩ አፍ ሰው ወንፊት ደቅኖ ይጠብቃል። እብቅ ከመጣ የላይኛው ቆሻሻ ለታችኛው ጠጪ ይደርሳል ማለት ነው። ደንቡ ሦስት ቀን ሙሉ መጠበቅ ነበር። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

አሁን ያስጨነቀኝን ልንገርዎ። ከእብናት ወዲህ ወዳለው የወይባ ማርያም ጠበል ለሰኔ 21 በዓል ዐሥር ሺህ ሰው ይመጣል ተብሏል። ባለፈው ዓመት ከጠበሉ የተመለሱ ሰዎች በተቅማጥ ታመው ነበር። የዘንድሮውን የአደጋ ዝግጅት ዕቅድ እንዲያወጣ የተጠየቀው ማኅበራችን ነው። እንግዳው የሚያድርበትና መጸዳጃ የሚቆፈርበት ተብሎ የታሰበው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሜዳ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ውኃ የሚሰርግበት ስንጥቅ አፍ ላይ ነው። ከሥሩ ሾላ ምንጭ አለ። አራት መቶ አባወራ ይጠጣዋል። አቶ ደምሴ «ሁለቱ እንደማይገናኙ በመዝገቡ ተጽፏል» ይላሉ። እኔ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። የሾላ ምንጭን ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርገው ቢልኩልኝ ይበቃኛል።

አክባሪዎ፣
ሠርካለም

* * *

በርገን፣ መጋቢት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርካለም፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ለጎረቤቴ ነገርሁት፤ «ሊቀ መንበር ሆነች» ብለው «በየትኛው ፓርቲ?» አለኝ። እዚህ ሰውን ደስ ማሰኘት አስቸጋሪ ነው። ዝናብም ሌት ተቀን ይዘንባል፤ አንድም ሰው የሚፈራው የለም፤ ሁሉም በቧንቧ ይሄዳል።

እኔ ያው የዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ነኝ። ጠረጴዛ በጥጥ እየጠረግሁ ጥጡን ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። የድሮው ሙያዬ አልተለየኝም፤ ብቻ ተራራው ጠፋ።

ለማኅበሩ የሚበጅ ነገር አግኝቻለሁ። የዓለም የሙያ ማኅበራት ለአካባቢ ጤና ሠራተኞች ያዘጋጁት የአደጋ ጊዜ መምሪያ ነው፤ መቶ አርባ ገጽ ነው። ሁለት ቅጂ ልኬያለሁ። ምዕራፍ አራትን ደጋግማችሁ አንብቡ።

እንደ አባት ልምከርሽ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለማንም አትስጪ። ቃለ ጉባኤ በዕለቱ ይፈረም፤ ካደረ ሰው ቃሉን ያሻሽላል። ባዩን አትጣዪው፤ የሚናገር ጠላት ጥሩ ነው።

መዝገቡን በተመለከተ፣ ዕቃዬ በሁለት ቤት የተከፈለ ስለሆነ እፈልገዋለሁ።

እኅቴን አሰለፈችን እኔም ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት።

አስረስ

* * *

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አስረስ፤

እንደምን ሰነበቱ። ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። መምሪያዎቹ ደርሰውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሥራ አስፈጻሚው ስብሰባ ላይ እየተቀባበልን አየናቸው። የፕላስቲክ መጸዳጃ ቤት ሥዕል አለበት፤ የገሳዩ ዘውዱ «ይህማ ከኔ ቤት ይሻላል፤ በዓሉ ሲያልፍ እኔ እገባበታለሁ» አለ። ሄሊኮፕተር የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ ለዩ የሚለውን ሳነብላቸው አቶ ደምሴ «ማረፊያው ሞልቷል፤ የሚያርፈውን ላክልን በዪው» አሉ። መልእክቱን አድርሻለሁ።

ምዕራፍ አራት ግን ጠቅሞናል። ለሃምሳ ሰው አንድ ጉድጓድ ይላል። እኛ ዘንድ ሁለት መቶ ጉድጓድ ማለት ነው። አገሩ በደቦ ለመቆፈር ቃል ገብቷል። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ መሪጌታ ኪዳኔ ሜዳውን ፈቅደውልናል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ከጀመረ ጉድጓዱ ስለሚናድ ቁፋሮው ከግንቦት ማለፍ የለበትም።

ስለዚህ መዝገቡን መፈለግ ካስቸገረዎ ይተዉት። ሁለት መቶ ጉድጓድ ስንጥቁ አፍ ላይ ልቆፍር ነውና አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። የሾላ ምንጭን ፈተና የሠሩት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ አቶ ደምሴ ነግረውኛል። «ይቻላል» ብለው ከጻፉልኝ የእርስዎ እጅ ለእኔ መዝገብ ነው።

ሠርካለም

* * *

በርገን፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርካለም፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። እኔ በዓሉን ከሁለት ኤርትራውያንና ከአንድ የሐረር ሰው ጋር አሳለፍሁ። ዶሮውን ያረደው የሐረሩ ነው፤ እኛ ሦስታችን የትኛው ብልት ለማን እንደሚገባ ስንከራከር በረደ።

ሃያ የክሎሪን መለኪያ በጥቅል ልኬያለሁ። ውኃው ላይ ጠብታውን ሲጨምሩ ቀለሙ ይለወጣል፤ ከካርዱ ጋር ያመሳክሩታል። ፀሐይ አይንካው። ከአንድ ማኅበር የለመንሁት ነውና ሲደርስ በማኅተም አመስግኚያቸው፤ አድራሻው ውስጡ አለ።

ስለ ስብሰባ አመራር አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሰው የሚያስፈራሽን ጥያቄ ሲያነሣ ቶሎ አትመልሺ። ውኃ ጠጪ። እኔ በዘመኔ ብዙ ጊዜ ቶሎ መልሻለሁ፤ አልጠቀመኝም።

ጠጣሮቹን በርሜሎች አትጣሏቸው፤ ኃይላቸው ቢደክምም ለመጸዳጃ ይሆናሉ።

ሾላ ምንጭ አጠገብ እመት ብዙነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው። በሕይወት አሉ? ቆሎ አቅምሰውኝ ነበር።

አስረስ

* * *

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አስረስ፤

ጤና ይስጥልኝ። መለኪያዎቹ ሃያውም ሳይሰበሩ ገብተዋል። የምስጋናው ደብዳቤም ወጥቷል።

እመት ብዙነሽ በሕይወት አሉ። እርስዎ ስለጠየቁ ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ አየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። «አስረስ የሚባል ሰው፣ እብቅ የሚጠብቅ» ብላቸው ወዲያው አወቁዎ። እንዲህ አሉኝ፦ «ያ ቀይ ሰውዬ? ጨዋ ነበር። የሰጠሁትን ወንፊት በማግሥቱ ምሳ ላይ አራግፎ፣ አመስግኖ መለሰልኝ። ሰው ፈረስ ይዞ መጥቶ ጠራው።»

በማግሥቱ ምሳ ላይ፣ አሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት መለሱልኝ።

ጋሼ፣ ስለ ሾላ ምንጭ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር መለሱልኝ። እናቴ ደብዳቤዎችዎን አስነብባ ስትሰማ «ዝም ያለ ሰው መልሷል» አለች። እኔ ግን በዝምታ ላይ ጉድጓድ አልቆፍርም።

ቁፋሮውን አስቁሜያለሁ። ትናንት አስቸኳይ ስብሰባ ተደረገ። ፈተናው እንደገና ይሠራ አልሁ። ባዩ ተነሥቶ «ይህ ማኅበር ያለው ክብር ያ መዝገብ ነው። የውጭ ሰዎች ያጨበጨቡለት መዝገብ ነው። ሊቀ መንበሯ በአንድ ጆንያ እብቅ ልታፈርሰው ነው?» አለ። ሌላው ደግሞ ዝናቡ ደረሰ፣ ደቦው ተበተነ፣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል አለ። እንደመከሩኝ ውኃ ጠጣሁ። ከዚያ እኔ እወስዳለሁ አልሁ። ፈተናው ሰኞ ሰኔ 12 ይጀመራል። በሦስት ቀን እብቅ ካልመጣ ማኅተሙንና ቁልፉን ለባዩ አስረክባለሁ፤ ይህንኑ ቃለ ጉባኤ ላይ በዕለቱ ፈርሜያለሁ።

ከዚያ በፊት የሚሉኝ ነገር ካለዎት ወረቀት አይደርስም። በቢሮው ስልክ ይደውሉልኝ። ቁጥሩ ከማኅተሙ ሥር አለ።

ሠርካለም

* * *

በርገን፣ ሰኔ 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርካለም፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ዛሬ ምርቃት የምጀምርበት አፍ የለኝም።

ትናንት ደውዬ ነበር። አንድ ሰው አንሥቶ «ወይዘሮ ሠርካለም መስክ ናቸው፤ መልእክት ካለ ልቀበል» አለኝ። ድምፁ የባዩ መሰለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። አምስት ዓመት ያልተናገርሁትን ለሱ መናገር አቃተኝ። ይህንንም ጨምረሽ ያዢብኝ።

እመት ብዙነሽ ያሉሽ እውነት ነው። ግንቦት 87 ነበር። መዝገቡ ለበርገኑ ስብሰባ ሊታይ ተመርጦ የቀረው ሾላ ምንጭ ብቻ ነበር። ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ምንጭ በደንቡ ተፈትኗል፤ በእያንዳንዱ ሰው ሦስት ቀን ተቀምጦበታል፤ አንቺም ተቀምጠሻል። በሁለተኛው ቀን ፓስፖርቴ ጎንደር መድረሱንና በማግሥቱ ካልተገኘሁ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ የሚነግር ሰው መጣ። ወንፊቱን መለስሁ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መዝገቡ ላይ «ሦስት ቀን ተጠበቀ፤ እብቅ አልታየም» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም።

ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ እውነት ነው። ከአዳራሹ ስወጣ አንዲት ሴት «ይህን ሁሉ በእግር?» አለችኝ። አዎን አልኋት። ያን ቀን ነው መመለስ ያስፈራኝ። መዝገቡን ይዤ ብመለስ አንድ ቀን አንድ ሰው ያን ገጽ አምኖ ይሠራበታል፤ ይዤው ብቀር ማንም አያነበውም ብዬ አሰብሁ። ደምሴ በቃሉ ይይዘዋል ብዬ አላሰብሁም።

እብቁ መጥቶ እንደሆነ አላውቅም፤ አለመምጣቱንም አላውቅም። አለማወቄን ነው እንደማወቅ የጻፍሁት። በዚያ ሜዳ ላይ አትቆፍሪ።

መዝገቡ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአደራ ፖስታ ተልኳል። ሁለት ቤት የተከፈለ ዕቃ የለኝም። ያለኝ አንድ ክፍል ነው፤ መዝገቡም አልጋዬ ሥር ነበር።

አስረስ

* * *

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 16 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አስረስ፤

ጤናዎን ይስጥዎ። ከእርስዎ እስካሁን ምንም አልደረሰኝም። የሆነውን ግን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

በዚህ ወራት እብቅ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው፤ ያለው ሁሉ ለምርጊት አልቋል። አንድ ጆንያ ተኩል ከሦስት ቀበሌ ለምነን አመጣን። ሰኔ 12 የሚካኤል በዓል ስለነበር ገበሬው ሥራ አንሠራም እንዳይል ሰግቼ መሪጌታ ኪዳኔን አስፈቀድሁ። «እብቅ መጨመር ሥራ አይደለም፤ ሥራ የሚሆነው መልሶ ማውጣቱ ነው» አሉኝ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ጨመርነው።

እኔ ሾላ ምንጭ ላይ ተቀመጥሁ። ባዩም ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከወንፊቱ አላነሣም። የመጀመሪያው ቀን የቅጠልና የአሸዋ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ወንፊቱን አራገፍሁት፤ ንጹሕ ነበር። በዚያች ሰዓት እርስዎን አሰብሁ፤ ብነሣ ማንም አይፈርድብኝም ነበር። እግሬ አብጧል፤ ባዩ ደግሞ «ማኅተሙን ይዘሽው መጥተሻል ወይስ ቢሮ ነው?» ይለኛል። ቢሮ ነው አልሁት።

ረቡዕ ቀትር ሲያልፍ ትንሽ ዐረፍ ልበል ብዬ ወንፊቱን ለእመት ብዙነሽ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው በቅጡ አያይም፤ በጣታቸው ይዳስሱታል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ጤፍሽ ደረሰ» አሉኝ።

እስከ ማታ አንድ እፍኝ ሞላ። ባዩ እፍኙን በመሐረቡ ቋጥሮ ኪሱ ከተተው። ቀጥሎ የጠየቀኝ «ጉድጓዱ የት ይሁን?» ብሎ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሱ ጋር አልተጣላሁም።

ለበዓሉ አምስት ቀን ቀርቶናል። እንግዳውን ከአፋፉ ማዶ፣ ውኃው ወደ ስንጥቁ በማይወርድበት፣ እናሳርፋለን። ማዶው ዐለት ነው፤ ዝናቡም ጀምሯል። ሁለት መቶው ጉድጓድ አይደርስም።

ሰኔ 9 ቀን አንድ ሰው ከውጭ ደውሎ ስሙን ሳይናገር ዘጋ ብሎኛል ባዩ።

ሠርካለም

* * *

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አስረስ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎና መዝገቡ ሰኔ 30 ቀን ደረሱኝ። በዓሉ ካለፈ ዘጠነኛው ቀን መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ የበዓሉን ልንገርዎ። መቶ ሠላሳ አንድ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ከነሱ ሰባቱ ተናዱ። ሰው ማዶ ውጡ ሲባል አጉረመረመ፤ አንድ አዛውንት «ለማርያም መጥቼ ለሳኒታሪያን ልሰደድ?» አሉኝ። ሠላሳ ስምንት ሰው ታመመ፤ ድንኳን ውስጥ አጣድፈን አከምናቸው፤ ሁሉም በእግራቸው ሄዱ። ከሾላ ምንጭ ጠጪዎች አንድም አልታመመም። ውኃውን በላኩልን መለኪያ በየቀኑ እለካለሁ፤ አሁንም ልለካ እየሄድሁ ነው።

ደብዳቤዎን ሦስት ቀን ማንም ሳያየው ያዝሁት። በእናቴም ፊት አላነበብሁትም። አልዋሽዎትም፤ ተናድጄ ነበር። ብጠብቅዎት ኖሮ ዐሥር ሺህ ሰው ሜዳው ላይ ከሰፈረ በኋላ ነበር የሚደርሰኝ። ያን ሌላ ሰው አይጽፍልዎትም፤ ስለዚህ እኔ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ መዝገቡን ከፈትሁት። ገሳይ ላይ የጻፍሁትን የራሴን ገጽ አገኘሁ። የእርስዎ እጅ ከእያንዳንዱ ገጽ ሥር አለ፤ የሰው ስሕተት ያረሙበትም ብዙ ነው። ሌላውን ሁሉ አስጠብቀው አንዱን ብቻ ራስዎ አልጠበቁም።

ትናንት ሥራ አስፈጻሚው ተሰበሰበ። ደብዳቤዎን ከነሱ መሸሸግ አልቻልሁም፤ የመምሪያውን ምዕራፍ አራት እንደማነብ አድርጌ፣ ድምፄን ሳልለውጥ አነበብሁት። አቶ ደምሴ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ባዩ «ገጹ ይቀደድ» አለ። ለክፋት አልነበረም። «ለሽማግሌውም ለማኅበሩም ክብር ነው፤ ማን ያውቃል?» አለ። ዘውዱ «እብቁ ያውቃል» አለው።

አልተቀደደም። ገጽ የጎደለው መዝገብ ምን ሰነድ ነው? አልሰረዝነውም፤ የሰረዝነው ነገር ሁሉ ነገ ያስጠይቃል። «ሦስት ቀን ተጠበቀ፤ እብቅ አልታየም» የሚለው እንዳለ ነው። የእኛን ፈተና በሚቀጥለው ገጽ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ከነባዩ ፊርማና ከነእመት ብዙነሽ የጣት አሻራ ጻፍን።

በእርስዎ ገጽ ላይ ግን ከፊርማዎ ሥር ሦስት መስመር ባዶ ትተናል። በቃለ ጉባኤ ጸድቋል፦ በዚያ ቦታ ከእርስዎ በቀር ማንም አይጽፍም፤ በፖስታ የሚመጣ ወረቀትም አይለጠፍበትም።

ከእንግዲህ መምሪያም መለኪያም አልለምንዎትም። እመት ብዙነሽ ወንፊቱን አጥበው ሰቅለውታል፤ ቆሎም አለ ብለዋል። መዝገቡ መጋዘን ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ እንደመከሩኝ ለማንም አልሰጠሁም።

እናቴ ጉልበትዎን አልስምም ብላለች፤ ሲመጡ በአካል ትስማለች።

ሠርካለም